ጋሽ ዘውዴን በአንድ ጠቅታ የገደልኳቸው ዕለት

በሕይወቴ የገደልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከሱቄ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው የከባድ መኪና ጎማ ይነፋሉ። የኮምፕረሰሩ ጩኸት ስለረበሸኝ ሁለት ጊዜ ወጥቼ «ጋሽ ዘውዴ፣ እባክዎ ትንሽ ያሳርፉን!» ብያቸዋለሁ። በሁለተኛው «ለሞተ ሰው እንዲህ አይጮህም» አሉኝ። ይቺን ቀልድ ካገኙ ወዲህ አልለቅ ብለዋል፤ እኔም መብታቸው ነው ብዬ ዝም እላለሁ።

እመቤት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ያቤሎ ነው። ነገሩ ሲሆን ድንበሩን ተሻግሬ ኬንያ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶ ኮፒ ማድረግና ወረቀት በላስቲክ ማሸግ ነው። አማርኛን ከቤቴ፣ ቦረንኛን ከሰፈሬ ይዤ መጥቻለሁ። ስዋሂሊዬ ግን የፎቶ ቤት ስዋሂሊ ነው፤ «ካ ሃፓ» ብዬ ሰው አስቀምጣለሁ፣ «ታዛማ ሃፓ» ብዬ ወደ ካሜራው አሳያለሁ፣ «ኬሾ» ብዬ ለነገ እቀጥራለሁ። ከዚያ ያለፈ የሚያወራኝ ሰው ከመጣ ፈገግ እላለሁ። በፈገግታ ብቻ ሁለት ዓመት መኖር እንደሚቻል ምስክር ነኝ።

ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ብሎግ እጽፋለሁ። ስለ ሞያሌ ሰው፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ነጋዴው፣ እዚህ ስላረጁት የቀድሞ ስደተኞች፣ በአማርኛ። ጽሑፎቼ ጥሩ እንደሆኑ አልጠራጠርም ነበር። ችግሩ አንባቢ አልነበራቸውም። ቆጣሪው በቀን አሥራ አንድ ጎብኚ ይላል፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ እኔ ነኝ። አንዴ በኮምፒውተር፣ አንዴ በስልኬ፣ ሁለቴ ደግሞ በጎረቤቴ በሐሊማ ስልክ እየገባሁ አየዋለሁ። ሐሊማ ከሱቄ አጠገብ የግመል ወተት የምትሸጥ፣ አማርኛ ከሾፌሮች የተማረች፣ ስልኳን ለማንም የማትነፍግ ሴት ናት።

ታዲያ አንድ ቀን «ብሎግዎ ጎብኚ አጥቷል?» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አገኘሁ። ሶሻል ቡክማርኪንግ ስለሚባሉት ድረ ገጾች ነው የሚያወራው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የወደደውን ጽሑፍ አድራሻ ለራሱ ሳይደብቅ ሁሉም በሚያየው ቦታ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ በሉት። ስታስቀምጡ ርዕስ ትሰጡታላችሁ፣ ፎቶ ይወጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ታግ የሚሉትን መለያ ቃል ትለጥፉበታላችሁ። ያንን መለያ የሚከተል ሰው ሁሉ የእናንተ ጽሑፍ ከች ይልበታል። ከወደደው እሱም በራሱ መደርደሪያ ያኖረዋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይዛመታል።

አምስት ድረ ገጾች ላይ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ጽሑፎቼን ሁሉ «ሞያሌ» በሚል የአማርኛ መለያ አስቀመጥኩ። መለያውን የሚከተል አንድ ሰው ተገኘ። ደስ ብሎኝ ማን እንደሆነ ባይ እኔው ራሴ ሆኜ አረፍኩት። ወደ መካሪዬ ጽሑፍ ተመልሼ ሳነብ ሁለት ምክር ዘልዬ ኖሯል፤ አንደኛ፣ አንባቢዎችህ በሚናገሩት ቋንቋ ሁሉ መለያ ስጥ፤ ሁለተኛ፣ አዲስ ቃል አትፍጠር፣ ብዙ ሰው የሚከተለውን ምረጥ። በሚቀጥለው ጽሑፌ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። የሚጻፍ ነገር ብዙም አላስጠበቀኝም፤ ጋሽ ዘውዴ ወደቁ።

ጋሽ ዘውዴ የሰፈሩ ጎሚስታ ናቸው። በወጣትነታቸው በስደት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ድሮ ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ጎማ የሚለጥፉ፣ ስለ መንዳት ከእሳቸው ፊት ማንም እንዲያወራ የማይፈቅዱ ሰው። ያን ሰኞ አንድ የሐዋሳ ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆሞ በአስፋልት ስለመንዳቱ ጉራውን ሲነፋ ሰሙ። «አስፋልትማ ማንም ይነዳል!» አሉና አራት ጎማ ከተደራረበበት ላይ ወጡ። ወደ ናይሮቢ የሚወስደውን የሶሎሎን መንገድ ያኔ ድንጋይ በድንጋይ በነበረበት ጊዜ እንዴት ይታጠፉት እንደነበር ሊያሳዩት ነው። የሌለ መሪ ጨብጠው፣ የሌለ ማርሽ ቀይረው፣ ወደ ግራ እጥፍ ሲሉ የላይኛው ጎማ ከዳቸውና በመቀመጫቸው ቀዳዳው ውስጥ ገቡ። እግራቸው ወደ ላይ፣ እጃቸው አሁንም መሪው ላይ። ሦስት ሰው ሲስባቸው ጎማውም አብሮ ተነሳ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ መኪናው ተገልብጦም መሪ አይለቁም!» ሲል እሳቸው ራሳቸው ሳቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ትንሽ ከማበጡ በቀር ደህና ነበሩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ጻፍኩት። እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። ፎቶ ሲያስፈልገኝ ግን ጎማ ውስጥ እንዳሉ ማውጣት ነውር መሰለኝ፤ አክብሬያቸው ባለፈው ወር ለመታወቂያ ያነሳኋቸውን ለጠፍኩ። ጥቁር ኮት፣ ለደንበኛ የማውሰው የሱቄ ከረባት፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ሩቅ የሚያይ ዓይን። ቆንጆ ፎቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሰው በአብዛኛው የት እንደሚያየው አላሰብኩም።

ከዚያ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄድኩ። የቦረና አንባቢ እንዲያገኘው ርዕሱን በላቲን ፊደል «ጋሽ ዘውዴ ኩፌ» አልኩት። ኩፌ በቦረንኛ «ወደቀ» ማለት ነው። መለያው ቦታ ላይም «ኩፌ» ብዬ ስጽፍ ድረ ገጹ ይህን ቃል የሚከተል ማንም የለም አለኝና ከሥሩ ሌላ አመለከተኝ፤ «ኩፋ»። ይሄኛውን ብዙ ሕዝብ ይከተለዋል። ያው አንድ ቃል ነው ብዬ አሰብኩ፤ ኩፌ ወደቀ፣ ኩፋ ይወድቃል። ቦረናዎች ስለ መውደቅ ይህን ያህል ማውራታቸው ትንሽ ገረመኝ። ቢሆንም ምክሩ ምክር ነው፤ ብዙ ሰው የሚከተለውን ምረጥ ተብያለሁ። «ኩፋ»ን ጠቅ አደረግሁ፤ አምስቱም ጋ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ቆጣሪውን ሳይ ሦስት መቶ አልፏል። ዓይኔን አሸሁ። ገጹን እንደገና ስከፍተው ሃያ ጨምሯል። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ እስክስታ ቢጤ ወረድኩ። መንገድ ማዶ ጋሽ ዘውዴ እግራቸውን ባልዲ ላይ ሰቅለው ለአንድ ሾፌር ስለ ሶሎሎ መንገድ ያስረዳሉ። «ጋሽ ዘውዴ፣ ታዋቂ ሆነዋል!» ብዬ ጮህኩላቸው። «ዛሬ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

አስተያየቶቹን ከፈትኩ። አብዛኞቹ በስዋሂሊ ናቸው። «ፖሌ ሳና» ይላል አንዱ፤ «ፖሌ» ይላል ሌላው። ይቺንማ አውቃታለሁ፤ እዚህ አገር ሰው እንቅፋት ሲመታው «ፖሌ» ይባላል፣ እኛ «እኔን» እንደምንለው። ለወደቀ ሰው የሚባል ነው፤ ትክክል። ቀጥሎ ብዙዎች «ፑምዚካ ክዋ አማኒ» ብለዋል። ፑምዚካ፣ እረፍ ነው፤ የገበያው ዕቃ ተሸካሚዎች ሲደክማቸው ሲባባሉ ሰምቻለሁ። አማኒ ሰላም ነው። በሰላም ይረፉ! እግራቸው እስኪሻል ማለታቸው ነው አልኩ። የኬንያ ሰው ደግነቱ አንጀቴን በላው። አንዳንዶቹማ የሚያለቅስ ፊት አስከትለዋል፤ ለቁርጭምጭሚት!

ምስጋና ቢስ እንዳልባል ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠሁ። በማውቃት ስዋሂሊ ተጨንቄ፣ ተጠብቤ። «አሳንቴ። ንዲዮ፣ አናፑምዚካ።» አመሰግናለሁ፤ አዎን፣ እያረፉ ነው። ለአርባ ምናምን ሰው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሐሊማ ስልኳን ወደ ላይ አንስታ እየሮጠች ገባች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እመቤት! ጋሽ ዘውዴ መቼ ሞተ?»

«ምን?»

«አሁን ወተት ሰጠሁት እኮ! በእጁ ተቀበለኝ! ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው? እህቴ ከናይሮቢ ላከችልኝ፤ የእናንተ ሰፈር ሽማግሌ አሜኩፋ አለችኝ።»

አሜኩፋን አውቃለሁ። ሞተ ማለት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ሁልጊዜ እንደ አንድ ጥቅል ቃል ነበር የምሰማው፤ ፈትቼ ውስጡን አይቼው አላውቅም።

«ማን ነው አሜኩፋ ያለው? እኔ እኮ የጻፍኩት ኩፋ ብዬ ነው፣ ወደቀ ብዬ» አልኳት።

ሐሊማ ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «በቦረና ኩፋ መውደቅ ነው» አለች፣ ሕፃን እንደምታስተምር። «በስዋሂሊ ኩፋ መሞት ነው። አሜ... ኩፋ። ገባሽ? አማርኛሽንማ ማን ያነበዋል? አንቺ ይሄን ኮት የለበሰ ፎቶ አድርገሽ፣ ስሙን ጽፈሽ፣ ከሥሩ መሞት ብለሽ...» አስተያየቶቹን ወደ ታች ስትገፋ መልሶቼን አገኘቻቸው። «እመቤት፣ ለሰዎቹ ሁሉ 'አዎን፣ በሰላም አርፏል' ብለሻል እኮ!»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሐሊማ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። በመስኮት ስናይ ሟቹ ጎማ ላይ ውሃ እያፈሰሱ የቀዳዳውን አረፋ ይፈልጋሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ ነበር።

መለያውን ከአምስቱም ቦታ አጠፋሁ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ድረ ገጾች ነገር አንድ ጉድ አለበት፤ ሌላ ሰው በራሱ መደርደሪያ ያኖረውን እኔ ማንሳት አልችልም። ጋሽ ዘውዴ በማላውቃቸው ሰዎች መደርደሪያ ላይ እንደሞቱ ተቀምጠዋል። ሐሊማ እየነገረችኝ በስዋሂሊ «አልሞቱም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» የሚል ማስተካከያ ስጽፍ አንድ አዲስ አስተያየት ገባ። አማርኛ ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ።

«ልጁ ነኝ። አዜብ። ቀብሩ መቼ ነው? እባካችሁ በዚህኛው እንኳን አትዋሹኝ።»

ሳቃችን ቆመ። ጋሽ ዘውዴ ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ሐሊማ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። አዜብ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተምራ ናይሮቢ ኮሌጅ የገባች፣ አማርኛ ብትናገርም ፊደሉን የማታነብ ብቸኛ ልጃቸው ናት። ከስድስት ዓመት በፊት እናቷ ስትሞት ፈተና ላይ ነበረች። ጋሽ ዘውዴ አልነገሯትም። በደወለች ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ «ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት» ይላታል። እንደ እኛ ልማድ ፈተናዋን ስትጨርስ ሰው ተሰብስቦ ሊያረዳት። ጨርሳ በአውቶቡስ ስትመጣ የእድሩ ሴቶች ስቴጁ ላይ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ፣ ጠብቀው መርዶውን ነገሯት፤ እናቷ ከተቀበረች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር። አዜብ በማግስቱ ተመለሰች። ስልኳን ቀየረች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

በላቲን ፊደል መለስኩላት። «አዜብ፣ አባትሽ አልሞቱም! ወድቀው ነው። እግራቸውን ትንሽ ተጎዱ እንጂ ደህና ናቸው።»

ላክሁት። ከላክሁት በኋላ አነበብኩት። ሐሊማም አነበበችው። ተያየን። ልጅቱ ያኔ የተባለችውን ያንኑ ነበር ቃል በቃል የጻፍኩላት።

መልሷ ወዲያው መጣ። «እናቴም ትንሽ አሟት፣ ደህና ነበረች። ዛሬ ማታ አውቶቡስ እይዛለሁ። ጠዋት እደርሳለሁ። ከቻላችሁ ሳልደርስ አትቅበሩት።»

ስልክ ቁጥሯን ለመንኳት። መልስ የለም። «ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ» አልኳት። በዚያ ቀን ያደረግሁትን ሁሉ ብታዩኝ ታዝኑልኛላችሁ፤ እውነቱን ስናገር እንደ ውሸት ይሰማል፣ ባጠናከርኩት ቁጥር ይበልጥ ውሸት ይመስላል። ቁልጭ ያለ እውነት ይዤ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።

የቀረው ለጋሽ ዘውዴ መንገር ነበር። መንገዱን ተሻገርኩ። አጠገባቸው ጎማ ላይ ተቀመጥኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ መለያውን፣ ኩፋን፣ አርባውን መልስ። እዚህ ድረስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ታዲያ ስንት ሰው አለቀሰልኝ?» ሁሉ አሉኝ። ከዚያ አዜብ እየመጣች መሆኑን ነገርኳቸው።

በእጃቸው የያዙትን መፍቻ መሬት አስቀመጡት። አንስተው እንደገና አስቀመጡት።

«ለቀብሬ?»

«አዎን።»

«ስኖር ስድስት ዓመት አልመጣችም» አሉ። ቀጥለው «በአውቶቡስ ነው? ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰች ልትመጣ ነው?» አሉ። ይቅርታ ብላቸው እንኳን የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። ፎቶ ላንሳዎትና ብሎጌ ላይ ላውጣው ስላቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡልኝ። በዚያ ፎቶ ላይ በሕይወት ያለ ሰው አይመስሉም ነበር። ለጠፍኩት፤ አላየችውም።

«ጠዋት ስቴጁ ጋ ይምጡ» አልኳቸው። «ለቀብሬ የመጣችን ልጅ ቆሜ ልቀበል? ምን ብዬ?» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ሐሙስ ማለዳ እኔና ሐሊማ ብቻችንን፣ ደማቅ ልብስ ለብሰን ልንሄድ ተስማምተናል። ቀይ ሻሽ አስሬያለሁ። ሐሊማ ብርቱካናማ ሰፊ ቀሚሷን፣ ዲራዋን ለብሳለች። ከሩቅ ስታየን ለቅሶ እንዳልሆነ እንዲገባት ነው። የማንያታ ወሬ ግን ከኢንተርኔት ይፈጥናል። ስቴጁ ጋ ስንደርስ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ እትዬ አልማዝ አምስት ሴት አስከትለው ቆመዋል፤ ብርድ ነውና ስድስቱም ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ? ጋሽ ዘውዴ አልሞቱም እኮ!» አልኳቸው።

«እሱንማ ማን አጣው? ማታ ጎማ አስለጥፌያለሁ ለልጄ። ግን አባቷ ሞቷል ብላ የምትመጣ ልጅ ብቻዋን ከመኪና ትወርዳለች? ነግ በኔ አይባልም?»

«ሲያዩዎት መርዶ ነው የምትለው!»

እትዬ አልማዝ ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው አዩ። ያኔም እዚሁ ቦታ የቆሙት እነሱ እንደነበሩ ትዝ ያላቸው ይመስለኛል። «ነጠላችሁን አውልቁ!» ብለው ሲያዙ አውቶቡሱ ታጥፎ ገባ።

በሩ ሲከፈት ጥቁር በጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ ያበጠ ሴት ብቅ አለች። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፣ ሐሊማንም አይደለም። ነጠላቸውን በጥድፊያ የሚያወልቁ ስድስት ሴቶች ነው። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ እንደቆመች «አባዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። እትዬ አልማዝ ሮጠው አቀፏት፤ ሲያቅፏት ባሰባት። እኔ «አልሞቱም! እመኚኝ፣ አልሞቱም!» እያልኩ እጮሃለሁ።

«ደህና ነው በሉኝ!» አለች እያለቀሰች። «ትንሽ አሞት ነው በሉኝ! ያኔም እንዲህ ነው ያላችሁኝ!»

«አዜብ።»

ድምፁ ከኋላችን ነው የመጣው። ጋሽ ዘውዴ ያበጠውን እግራቸውን ቀለል አድርገው ቆመዋል። ጢማቸውን ተላጭተው ሁለት ቦታ ተቆርጠዋል። የጎማ ጥቁረት አልለቅ ስላላቸው እጃቸውን ሲፈትጉ እንደዘገዩ በኋላ ነግረውኛል።

አዜብ ጩኸቷን አቋረጠች። አየቻቸው። ከእትዬ አልማዝ እጅ ወጥታ ሄደችና ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ደሙን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከዚያ ደረታቸውን በቡጢ መታች። አንዴ፣ ሁለቴ። እሳቸው አልተከላከሉም።

«ለምን?» አለች። ሁላችንም ስለ የትኛው እንደምትጠይቅ ገባን።

ጋሽ ዘውዴ የሰፈሩን ሰው አዩ። እኔ የማውቃቸው ሰውዬ ቢሆኑ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀልድ ያመጡ ነበር። አላመጡም።

«ፈተናሽን ሰበብ አደረግሁት» አሉ። «ለሰውም ያልኩት እሱን ነው። ውሸት ነው። ስልኩን አንስቼ ስንቴ ደወልኩልሽ፤ 'ሃሎ አባዬ' ስትይኝ ሞተች የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ብዬው አላውቅም። እናትሽ ሞተች፣ አዜብ። ሳልነግርሽ ቀበርኳት። ይቅር በዪኝ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ስለ ራሴ አሰብኩ። ሰውየው ስድስት ዓመት ከአፋቸው ማውጣት ያቃታቸውን ቃል እኔ ብዙ ሰው ይከተለዋል ብዬ በአንድ ጠቅታ ለጥፌዋለሁ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አዜብ ዓይኗን ጠረገች። ጥቁር ልብሷን አየችው። «አሁን ለቅሶዬን ይዤ መጥቻለሁ» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። የት ላድርገው?»

«ቤት እንግባ» አሏት። «ለእናትሽ አልቅሺ። ያኔ የምታለቅሺበትን ዕድል አልሰጠሁሽም።»

እትዬ አልማዝ የወለቀውን ነጠላ ከመሬት አንስተው አራገፉና እንደገና ለበሱት። አምስቱም ለበሱ።

ያን ቀን ጋሽ ዘውዴ ግቢ ሸራ ተወጠረ፣ የእድሩ ወንበር ተደረደረ። አዜብ የእናቷን ስም እየጠራች አለቀሰች፤ የሚያውቋት ሁሉ አብረዋት አለቀሱ። ጉዱ ደግሞ እውነቱን ያልሰማ ሰው መምጣቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ አይቶ ከሄሉ መንደር የመጣ አለ፣ ከወዲያኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያው፣ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍሮ የተሻገረ ሾፌር አለ። በሩ ላይ ሲደርስ እንዳያለቅስ ሟቹ ራሳቸው እያነከሱ ወጥተው ወንበር ያቀርቡለታል።

«ጋሽ ዘውዴ?!»

«ግባ፣ ግባ። እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ውይ! መቼ?»

«ስድስት ዓመት ሆናት። ሞተች» ይላሉ፤ ቃሉን ከሰው ወደ ሰው እየደጋገሙት፣ እየለመዱት። አንዱ ሾፌር ግራ ገብቶት ሲስቅ አዜብም እያለቀሰች ሳቀች። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ ቤት አይቼ አላውቅም። ከሰዓት አባትና ልጅ መቃብሩ ጋ ሄዱ፤ ማንም አልተከተላቸውም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ሁለት ነገር እላችኋለሁ። የመጀመሪያው ተራ ነው። ሊንካችሁን አስቀምጡ፣ አሰራጩ፣ እኔም አልተውኩም። ግን አፋችሁን ባልፈታችሁበት ቋንቋ መለያ ከመስጠታችሁ በፊት አፏን የፈታችበትን አንዲት ሐሊማ ጠይቁ። ድረ ገጹ ብዙ ሰው ይከተለዋል ሲላችሁ ሰዎቹ ምን ፈልገው እንደሚከተሉት አይነግራችሁም። እኔ ወሬ ይዤ በሰው ለቅሶ መሃል ገብቼ ነው እንኳን መጣችሁ ስል የከረምኩት።

ሁለተኛው ይከብደኛል። መርዶን ቀስ አድርጎ መንገር የወግ ነው፤ እኔም ወግ አልጠላም። ነገር ግን ለሰው አዝነን የምንዋሸው ውሸት አንድ ቀን እውነት ስንናገር የሚያምነን እንደሚያሳጣን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ከያቤሎ እናቴ ስትደውል ደህና ካልሆንኩ ደህና አይደለሁም እላታለሁ። መጀመሪያ ትደነግጥ ነበር። አሁን ደህና ነኝ ስላት ታምነኛለች።

ቆጣሪው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ትላንት አሥራ አራት ብሎኛል። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ግን ጋሽ ዘውዴ ከአዜብ ጋር ሱቄ ገቡ። የሚስታቸውን የድሮ ፎቶ ይዘዋል። ስለ እሷ እንድጽፍ ፈለጉ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ አዜብ እያረመቻቸው ጻፍኩ፤ ስሟን፣ የት እንደተወለደች፣ ሳቋ እንዴት እንደነበረ። ስጨርስ «ያንን መደርደሪያሽን ክፈችው» አሉኝ። ከፈትኩት። መለያው ቦታ ላይ ስደርስ ምን ልጻፍ ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ኩፋ በይው» አሉ። «አሁን ልክ ነው።»

ቃሉን ጻፍኩ፤ እጄ ግን የማስቀመጫው ቁልፍ ላይ ቀረ። አዜብ የአባቷን ጥቁር ጣት ያዘችና ቁልፉ ላይ አስቀመጠችው። እሳቸው ተጫኑት።